በፍየሎቹ ላይ የተወሰደው እርምጃ

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ዘመን፣ ቀይ ሽብሩ ጋብ ብሏል በተባለበት ወቅት ነው። ደባርቅ ውስጥ፣ ስሙን በምተወው አንድ ትምህርት ቤት፣ ሰባተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ዛሬ ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። ያስተማርኳቸውን ልጆች አብዛኞቹን መንገድ ላይ ባገኛቸው አላውቃቸውም። ዘጠኝ ፍየሎችን ግን አልረሳም። ፍየሎቹ በወረቀት ላይ የነበሩ ናቸው፤ ቢሆንም ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ነስተውኛል።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ ከተፈጥሮዬ ተጠራጣሪ ነኝ። ልጅ ሆኜ ጎንደር እናቴ «አንተ እኮ ጥላህ ቢከተልህ ማን ላከው ትላለህ» ትለኝ ነበር። ዘመኑ ደግሞ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው የተመቸ ነበር። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ያገሩ ሰው ሁሉ እንደ ጸሎት ይደግመዋል። ሁለት ሰው ቆሞ ሲያወራ ሦስተኛው ከመጣ ወሬው ወዲያው ስለ ዝናብ ይሆናል።

ነገሩ የጀመረው ከመማሪያ መጽሐፉ ነው። ስለ ጋዜጣ የሚያስተምር ምዕራፍ ነበረበት፤ ምሳሌ ሆኖ የቀረበው ዜና የአንድ መርከብ መስጠም ነው። ልጆቼ መርከብ አይተው አያውቁም። እውነቱን ለመናገር አስተማሪያቸውም ባሕር አላየም። ሦስት ክፍለ ጊዜ ለፋሁ፤ ጠብ የሚል ነገር ጠፋ። በአራተኛው ቀን መጽሐፉን ዘጋሁና፣ እያንዳንዳችሁ ቤታችሁ የሰማችሁትን አንድ ተረት ትናንት እንደተፈጸመ ዜና አድርጋችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉ አልኳቸው። ርዕስ ይኑረው፤ ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ የሚሉት ይመለሱ፤ ቦታውም የምታውቁት አገር ይሁን።

ክፍሉ ነፍስ ዘራ። አንዱ ልጅ፣ ጅብ አህያ እየነዳ ሊማሊሞን ሲወርድ የጭነት መኪና ማስቆሙን ጻፈ። ሌላው ጦጣ ዳባት ላይ ዳኛ ሆና መሾሟን ዘገበ። ከጊች የመጣ አንድ ልጅ ስለ ቀበሮና ስለ አውራ ዶሮ ጽፎ ሲያበቃ ከሥሩ የአየር ጠባይ ጨመረበት፤ «ነገም ጊች ብርድ ነው» ይላል። ሳልስቅ ማረም አልቻልኩም።

ከሁሉም የበለጠችው ትርንጎ ናት። አገሯ ጃናሞራ ነው፤ ደባርቅ አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ ትማራለች። የመረጠችው ተረት አገር የሚያውቀው የነብርና የዝሆን ተረት ነው። በእንግሊዝኛ የጻፈችው ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦

«በዘጠኝ ፍየሎች ላይ አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደ። ጃናሞራ። ትናንት ጠዋት ዝሆን የነብርን ልጅ ረግጦ ገደለ። ገዳዩ ዝሆን መሆኑን እንስሳት ለነብር ነገሩት። ነብር ለረጅም ጊዜ ካሰበ በኋላ፣ ዝሆን አይደለም፣ ይህን ያደረጉት ፍየሎች ናቸው አለ። ወዲያው በዘጠኝ ፍየሎች ላይ እርምጃ ወሰደ። የቀሩት ፍየሎች በሰላማዊ ሰልፍ ደስታቸውን ገለጹ።»

ልጅቷ ተንኮል አላሰበችም። የምታውቀው ጋዜጣ ቀበሌው ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን ብቻ ነው። ዜና ማለት እንደዚያ የሚጻፍ ነገር መስሏታል፤ ሰው ሲሞት እርምጃ ይባላል፣ ከዚያ ሰልፍ ይወጣል። አስተማሪዋስ? አስተማሪዋ ያየው የኃላፊ ጊዜ ግሶቿ አንድ እንኳ ስሕተት እንደሌለባቸው ነው። ጃናሞራ ዝሆን የት አለና ብዬም አላረምኩም። በሁሉም ላይ እንዳደረግሁት፣ በቀይ እስክሪብቶ ከሥሩ «ዜና ምንጭ ያስፈልገዋል፤ ማን ነገረሽ?» ብዬ ጽፌ መለስኩላት። በማግሥቱ በጥሩ ወረቀት ገልብጣ አመጣችው፤ መጨረሻው ላይ «የዜናው ምንጭ አያቴ ቄስ ፈንቴ» የሚል ጨምራበታለች። ከአሥር ዘጠኝ ሰጠኋት። ዓርብ ዕለት ከሌሎቹ ጋር ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ በዱቄት ሙጫ ለጠፍኩት።

ሰኞ ጠዋት ስገባ ሦስት ወረቀቶች የሉም። የትርንጎና የሌሎች ሁለት ልጆች። ሙጫው ነጭ ምልክት ትቶ ቀርቷል።

በመጀመሪያ ምንም አልመሰለኝም። ከዚያ አንደኛው ወረቀት የማን እንደነበር ሳስታውስ፣ የተጻፈው ከርዕሱ ጀምሮ በአእምሮዬ ተነበበ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በዚያው ሰሞን ከከተማው የተወሰዱ ሰዎች ነበሩ፤ ለምን እንደተወሰዱ የሚያውቅ የለም፤ ለመጠየቅ የሚደፍርም የለም። እኔ ደግሞ ዘጠኝ ፍየል ከነገዳያቸው፣ የአንድ ቄስ ስም ከነአገራቸው፣ በእጄ ለጥፌ በቀይ ቀለም ዘጠኝ ሰጥቼበታለሁ። ለራሴ ፈራሁ። ለልጅቷና ለአያቷ ደግሞ የባሰ ፈራሁ፤ እኔ ባልጠይቃት ኖሮ የሳቸውን ስም አትጽፈውም ነበር።

ሁለቱ ሌሎች ወረቀቶች ለምን ተወሰዱ? እሱንም አሰብኩበት። ለማስመሰል ነው አልኩ። ተጠራጣሪ ሰው መልስ አያጣም።

ርእሰ መምህሩን አንድ ጥያቄ ብጠይቀው ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። «ወረቀቶቹን ማን አነሳቸው?» ማለት ብቻ። ግን መጠየቅ ራሱ ጥፋትን ማመን መሰለኝ፤ ምን አስፈራህ ቢለኝስ? ሳልጠይቀው ቀረሁ። ትርንጎ ግን እንደኔ አልፈራችም። ከክፍል ስወጣ ተከትላኝ፣ ጋዜጣዬን ማን ወሰደብኝ ብላ ጠየቀችኝ። ነፋስ ወስዶት ይሆናል አልኳት።

«ነፋስ ሙጫ ይልጣል እንዴ፣ መምህር?» አለችኝ።

ወደ ክፍልሽ ግቢ ብዬ ተቆጣኋት። ከእሷ ጋር ቆሜ መታየቱንም ፈርቻለሁ።

አሁን ወደ አበጀ ልምጣ። አበጀ የስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተማሪ ነው፤ የጎጃም ሰው፣ ዝምተኛ። አንድ ግቢ ጎን ለጎን ተከራይተን እንኖራለን፤ ምሳችንን እትዬ ስንዱ የሚባሉ ሴት ቤት በወር እየከፈልን አብረን እንበላለን። በውይይት ክበብ ሁሌም ፊት ወንበር ተቀምጦ ማስታወሻ የሚይዝ እሱ ነው። እኔ ማስታወሻ የሚይዝ ሰው አልወድም። በዚያ ላይ ዓርብ ዕለት ወረቀቶቹን ለጥፌ ስጨርስ ግድግዳው ፊት ቆሞ ደብተሩ ላይ የሆነ ነገር ሲገለብጥ አይቼዋለሁ። ማክሰኞ ደግሞ ምሳ ላይ፣ ነገር ሳይጀምር፣ «ያቺ ትርንጎ የምትባለው ልጅ አያቷ የሚኖሩት ጃናሞራ የቱ ጋ ነው?» አለኝ። አላውቅም አልኩት።

ከዚያ ቀን በኋላ ከእሱ ጋር መብላት ተውኩ። ሆዴን አሞኛል እያልኩ ቀድሜው በልቼ እወጣለሁ። በክፍሎቻችን መካከል ያለው ግድግዳ ጭቃ ነው፤ በእንቅልፌ ብናገርስ ብዬ አልጋዬን ወደ ማዶ አዞርኩት። የወንድሜን ደብዳቤዎች አቃጠልኩ፤ በደብዳቤዎቹ ላይ የነበረው የላም መውለድና የሠርግ ወሬ ነው። እትዬ ስንዱ ቤትም ነገር የተለወጠ መሰለኝ። ስገባ ሴቶቹ ወሬ ያቆማሉ። አበጀ ነግሯቸዋል፣ አብቅቶልኛል አልኩ። ሐሙስ ዕለት ደግሞ አበጀን ከካድሬው ቢሮ ሲወጣ አየሁት።

ካድሬው ጓድ ጌትነት ይባላል። ከጦር ሠራዊት የመጣ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ከአራተኛ ክፍል አላለፈም እየተባለ ይወራል። ይህን የሚያወራው ሰው ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ርእሰ መምህሩ ክፍሌ በር ላይ መጥቶ፣ አራት ሰዓት ላይ ጓድ ጌትነት ቢሮ ትፈለጋለህ አለኝ። ቾኩን አስቀመጥኩ። ልጆቹን ምን እንዳልኳቸው አላስታውስም። መንገዱ አጭር ነው፤ እኔ ግን ስሄድ ቀበቶዬንና ሰዓቴን ለማን እንደምሰጥ ሳስብ ነበር።

ስገባ ጓድ ጌትነት ጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል። ርእሰ መምህሩ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጥግ ይዟል። ጸሐፊው መዝገብ ዘርግቷል። አበጀም አለ። የትርንጎ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ነው። አበጀን እንዳየሁት በልቤ «ይኸው» አልኩ።

ጓድ ጌትነት ብዙ አላወራም። ወረቀቱ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ስለሆነ በአማርኛ መዝገብ ላይ መስፈር አለበት፤ ያስጻፈው አስተማሪ ራሱ ቢተረጉመው ደንብ አይሆንም፤ ስለዚህ መምህር አበጀ ይተርጉም አለ። አበጀ ወረቀቱን አነሳ። ጉሮሮውን ጠረገና ቀስ እያለ፣ ለጸሐፊው ጊዜ እየሰጠ ማንበብ ጀመረ።

«ዘጠኝ ፍየሎች ከሞት ተረፉ። ጃናሞራ። ትናንት ጠዋት ዝሆን የነብርን ልጅ ረግጦ ገደለ። ቀጥሎም ፍየሎቹን ሊያጠፋ ተነሳ። ነብር ነገሩን በሚገባ ካጣራ በኋላ በዝሆን ላይ እርምጃ ወሰደ። ፍየሎቹም በሰላማዊ ሰልፍ ደስታቸውን ገለጹ።»

ወረቀቱን አስቀመጠ። የዜናውን ምንጭ፣ የቄስ ፈንቴን ስም፣ አላነበበውም።

እኔ ይህን ስሰማ ደስ ያለኝ ይመስላችኋል? ወጥመድ ነው አልኩ። ትክክል ነው ካልኩ፣ ሌላ ትርጉም ከመሳቢያ ያወጡና «ለምን ዋሸህ?» ይሉኛል። ትክክል አይደለም ካልኩ ደግሞ ልጅቷን በአፌ አሳልፌ ሰጠኋት። ጓድ ጌትነት ወደ እኔ ዞሮ ትርጉሙ ልክ ነው ወይ አለኝ። አበጀን አየሁት፤ እሱ መስኮቱን ያያል። እጁ ጉልበቱ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያን መንቀጥቀጥ አየሁና፣ የሚያጠምድ ሰው እንዲህ አይሆንም የሚል ነገር ውል አለብኝ።

ልክ ነው አልኩ። ፈረምኩ፤ አበጀም ፈረመ።

ያን ጊዜ ርእሰ መምህሩ፣ «እንግዲህ ጓድ፣ ወረቀቱ ለውድድሩ ይለፍልን?» አለ። ምን ውድድር? ለካስ የየትምህርት ቤቱ የግድግዳ ጋዜጣ ሊወዳደር ኖሯል። ርእሰ መምህሩ የታሪክ አስተማሪ ነበር፤ እንግሊዝኛው እምብዛም አይደለም። ቅዳሜ ኮሪደሩ ላይ ሲያልፍ ከፍተኛ ማርክ ያላቸውን ሦስት መርጦ በኩራት ራሱ ለካድሬው ቢሮ ወስዶ ሰጥቷል። የጠቆመብኝ ሰው አልነበረም። ወረቀቷን ያስወሰደባት የኔው ዘጠኝ ከአሥር ነው።

ጓድ ጌትነት ለውድድር አይሆንም አለ። ወረቀቱን አራት አጥፎ የደረት ኪሱ ከተተው። አበጀና ርእሰ መምህሩ ሲወጡ እኔን በእጁ ምልክት አስቀረኝ። ጸሐፊው እንዳይሰማ ይሁን አይሁን እንጃ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ እንዲህ አለኝ፦

«ከእንግዲህ የቄስ ስም በወረቀት አታስጽፍ። ተረት ምንጭ የለውም።»

እሺ ብዬ ወጣሁ። ደረጃውን ወርጄ መንገድ ስጀምር ነው ቆሜ የቀረሁት። አበጀ የቄሱን ስም አላነበበም። ስሙ ያለው በእንግሊዝኛው ላይ ብቻ ነው። ካድሬው የምንለውን ሁሉ እየሰማ፣ ውሸታችንን በመዝገብ እያስጻፈ፣ እውነቱን አንብቦት ኖሯል።

ይህን ሳውቅ እንኳ አላረፍኩም። ደግ ሰው ነው እንዳልል ወረቀቱ ኪሱ ውስጥ ነው። ክፉ ነው እንዳልል እኛ ወጥተናል። ለሌላ ቀን አቆይቶን ይሆናል ብዬ ስንት ወር መኪና በቆመ ቁጥር በመስኮት አይ ነበር። ቀኑ ሳይመጣ እሱ ወደ ሌላ አገር ተዛወረ። ወረቀቱን ምን እንዳደረገው እስከ ዛሬ አላውቅም። ከአበጀም ጋር ስለዚያ ቀን አልተነጋገርንም። የዚያኑ ዕለት መንገድ ላይ ጠብቆኝ ምሳ እንብላ ቢለኝ፣ በልቻለሁ አልኩት። እንዴት ትርጉሙን አዘጋጅቶ መጣ? ካድሬው ቢሮ ቀድሞ ምን ሊሠራ ገባ? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች አልለቅ ብለውኝ ነበር።

ሰኔ ላይ አበጀ ዳባት ተዛወረ። ሻንጣውን ተሸክሜ አውቶቡስ ተራ ሸኘሁት፤ የጎረቤት ነገር ነውና ባልሸኘው ነውር ይሆናል። አውቶቡሱ ዘገየ። ስለ ዝናብ አወራን። ዝናቡም ሲያልቅብን ጠየቅሁት። ወረቀቶቹን የለጠፍኩ ዕለት ምን ትገለብጥ ነበር አልኩት።

እንዲህ አለኝ፦

«ስሞቹን ነው የገለበጥኩት። ልጆች ቤታቸው የሚሰሙትን፣ ከነተናጋሪው ስም፣ ከነአገሩ የሚያስጽፍ አስተማሪ አይቼ አላውቅም ነበር። ጠቋሚ ነህ ብዬ ነው። ወደ ቤተሰቦቻቸው ሰው ላክሁ፤ ልጆቻችሁ ፊት ስታወሩ ተጠንቀቁ፣ መምህሩ ይመዘግባል ብዬ።»

ያን ሐሙስ ካድሬው ቢሮ የገባው ራሱ ተጠርቶ ነው፤ ወረቀቱን አሳይተውት በሚቀጥለው ሳምንት ትተረጉማለህ ብለውታል። ያኔ ነው የሚያነበውን በልቡ ያዘጋጀው። እኔ ምን እንደምመልስ ግን አያውቅም ነበር። ልክ አይደለም ብል የሚታሰረው እሱ ነው። እጁ የተንቀጠቀጠው እኔን ፈርቶ ነው።

ሳቅሁ መሰለኝ። እሱም ሳቀ። የሁለታችንም ሳቅ ጥሩ ሳቅ አልነበረም። አውቶቡሱ መጣና ተሳፈረ፤ ተቃቅፈን ተለያየን።

እየተመለስኩ ሳለሁ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። እትዬ ስንዱ ቤት ሴቶቹ ወሬ ያቆሙ የነበረው አበጀ ልታሰር መሆኔን ነግሯቸው አልነበረም። ከተማው የፈራው እኔን ነው። እኔ አንድ ሰው ስጠረጥር ያገሩ ሰው በሙሉ እኔን ሲጠረጥር ከርሟል፤ ለመጠርጠርም ከኔ የተሻለ ምክንያት ነበራቸው።

ትምህርት ሊዘጋ ጥቂት ቀን ሲቀረው ትርንጎን ጠርቼ አያትሽ ደህና ናቸው ወይ አልኳት። መሬት መሬት አየች።

«ደህና ናቸው፣ መምህር» አለችኝ። «ተረት ግን አይነግሩኝም። ለፋሲካ ሄጄ ንገሩኝ ብላቸው፣ መምህርሽ ይመዘግባል አሉ፤ ተይኝ ልጄ፣ ሁሉንም ረስቼዋለሁ አሉኝ።»

እኔ እንደዚያ ያለ ሰው አይደለሁም በያቸው አልኳት። እሺ አለች። ትንገራቸው አትንገራቸው አላውቅም፤ ብትነግራቸውስ ማን ያምናል? ጠቋሚ ነኝ የሚል ጠቋሚ የለም።

ካድሬው ፊት የዋሸሁትን ውሸት ዛሬ ሳስበው አይቆጨኝም። አበጀንም ከዚያ በኋላ ዳባት እየሄድኩ እጠይቀው ነበር፤ ወዳጅ ሆነን ኖርን። ቄስ ፈንቴን ግን በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም። መልካቸውን እንኳ የማላውቃቸው እኒያ ሽማግሌ፣ እኔን ፈርተው ለልጅ ልጃቸው ተረት መንገር አቆሙ። ይህ ዛሬም ያሳፍረኛል።